የጌም ማውስ ጥሩና ደካማ ጎኑን እንዴት እንለይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ አያት ወይም ጀሞ የምትኖሩ ጌም ወዳጆች አንድ የጋራ ችግር አለባችሁ። ማውስ ለመግዛት መገናኛ ወይም መርካቶ ድረስ ትሄዳላችሁ። ቤት ወስዳችሁ ስትሞክሩት ካልተስማማችሁ ለመመለስ ሌላ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃችኋል። ብዙ ሰው ያን ሰልፍ ሲያስበው ይደክመውና የማይመቸውን ማውስ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ የምመልሰው በተቻለ መጠን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ፣ ብሩ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ልታዩት የምትችሉትን ነው።

ካርቶኑ ላይ ትልቅ ዲፒአይ የተጻፈበት ይሻላል?

አይሻልም። ዲፒአይ ማለት ማውሱ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ሲንቀሳቀስ ስንት ነጥብ እንደሚቆጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጠቋሚው ይፈጥናል፤ አነጣጠራችሁ ግን አይሻሻልም። ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንት የተባሉትን የተኩስ ጌሞች በሙያ ደረጃ የሚጫወቱት አብዛኞቹ 400፣ 800 ወይም 1600 ላይ አድርገው ነው የሚጫወቱት። ካርቶኑ ላይ ያለው 25,000 ምናምን የሚባለው ቁጥር ለገበያ ነው።

ርካሽ ማውስ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሴንሰሩ፣ ማለትም ከማውሱ ሥር ሆኖ እንቅስቃሴውን የሚያነበው ክፍል፣ በትክክል ማንበብ የሚችለው ትንሽ ሆኖ፣ ቁጥሩ በውስጥ እየተባዛ ትልቅ ይደረጋል። የተባዛ ቁጥር አዲስ መረጃ አይጨምርም። ጠቋሚው እየዘለለ ይሄዳል እንጂ።

የሚጠየቀው የሴንሰሩ ስም ነው። የሎጂቴክ ሄሮ፣ የፒክስአርት 3360፣ 3389 እና 3395 በደንብ የተፈተኑ ናቸው። ሻጩ ካላወቀ የማውሱን ሞዴል ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። የሴንሰሩ ስም የትም ካልተጻፈ እኔ ብሆን ሌላ አያለሁ።

እሺ፣ ሴንሰሩን ሱቅ ውስጥ እንዴት ልሞክረው?

ላፕቶፕ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ሻጩ ባለው ኮምፒውተር ላይ እንዲሰካላችሁ ጠይቁ። ደህና ነጋዴ እምቢ አይልም።

መጀመሪያ የዊንዶውስ ማውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የጠቋሚን ትክክለኛነት ያሻሽላል (Enhance pointer precision) የሚለውን ምርጫ አጥፉት። ስሙ ጥሩ ይመስላል እንጂ ሥራው እጃችሁ በፈጠነ ቁጥር ጠቋሚውን ከልክ በላይ ማስኬድ ነው። እሱ ክፍት ሆኖ የሚደረግ ሙከራ ውጤቱ አይታመንም።

ቀጥሎ ፔይንትን ክፈቱና በፍጥነት ክብ ክብ ሳሉ። ከዚያ ሰያፍ መስመሮችን ቀስ ብላችሁ ሳሉ። ክቡ ላይ ድንገት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ወይም የሚዘል መስመር ካያችሁ ሴንሰሩ ፍጥነቱን መከታተል አቅቶታል። ሰያፉ መስመር ደግሞ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ካለ አትደሰቱ። የሰው እጅ እንደዚያ አይስልም፤ ማውሱ እንቅስቃሴያችሁን በራሱ እያቃና ነው ማለት ነው። ለቢሮ ሥራ ችግር የለውም። ጌም ላይ ግን ጠላት ጭንቅላት ላይ ያነጣጠራችሁት ጥይት ትከሻው ጋ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሙከራ እኔ በጣም የምወደው ነው። ጠቋሚውን አንድ አይከን ላይ አድርጉ። የማውሱ ጠርዝ ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ወይም በጣታችሁ ምልክት ያዙ። አሁን ማውሱን ወደ ቀኝ በኃይል ወርውሩና በጣም ቀስ ብላችሁ ወደ ምልክቱ መልሱት። ጠቋሚው አይከኑ አጠገብ ከተመለሰ ሴንሰሩ ደህና ነው። ብዙ ርቆ ከቀረ በፈጣኑ ጉዞ ላይ መንገድ ጠፍቶታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ጠቋሚው የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ከደረሰ ሙከራው ይበላሻል፤ ስለዚህ ዲፒአዩን ቀንሱት።

አራተኛ፣ የኤቲኤም ካርድ ካላችሁ አውጡት። ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የማውሱን የፊት እግሮች አንድ ካርድ ላይ፣ የኋላዎቹን ሌላ ካርድ ላይ አስቀምጡ፤ ሴንሰሩ ያለበት መሃሉ ክፍት ይሁን። አንቀሳቅሱት። በየጎኑ ሁለት ሁለት ካርድ ደርባችሁ ድገሙት። ጥሩ የጌም ማውስ በአንድ ወይም በሁለት ካርድ ከፍታ ላይ ማንበቡን ያቆማል። ከዚያ በላይ ከፍ ብሎም እያነበበ ከቀጠለ፣ ማውሱን አንስታችሁ ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ጠቋሚው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዲፒአይ ቀንሶ ለሚጫወትና ማውሱን ቶሎ ቶሎ ለሚያነሳ ሰው ይህ ያናድዳል።

ቅርጹና ክብደቱ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሴንሰሩም በላይ። ዛሬ ደህና ሴንሰር መካከለኛ ዋጋ ባለው ማውስ ላይም ይገኛል። እጃችሁን የሚመጥን ቅርጽ ግን ብር ስለጨመራችሁ አይመጣም።

መጀመሪያ እጃችሁን ለኩ። ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ አንጓችሁ መታጠፊያ ድረስ። ከ17 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ትንሽ፣ ከ20 በላይ ከሆነ ትልቅ እጅ ነው። ቀጥሎ አያያዛችሁን ተመልከቱ። መዳፉን ሙሉ በሙሉ ማውሱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው አለ፤ ለእሱ ጀርባው ከፍ ያለ፣ ትልቅ ማውስ ይመቸዋል። ጣቶቹን አጥፎ እንደ ጥፍር የሚይዝ አለ። በጣቶቹ ጫፍ ብቻ የሚነዳም አለ፤ እሱ አጭርና ቀላል ማውስ ነው የሚፈልገው። አያያዛችሁን ለማወቅ አታስቡ፤ ዝም ብላችሁ ተጫወቱና መሃል ላይ ቆም ብላችሁ እጃችሁን እዩ።

ክብደትን በተመለከተ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሎጂቴክ ጂ502 ሄሮ 121 ግራም ነው፤ 11 ቁልፍ አለው። ሬዘር ዴዝአደር ኤሴንሻል 96 ግራም፣ የሎጂቴክ ጂ102 ደግሞ 85 ግራም ነው። ሬዘር ቫይፐር ሚኒ 61 ግራም ብቻ ነው። ተኩስ የሚበዛበት ጌም ለሚጫወት ቀላሉ ይሻላል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲወረውረው የሚውለው እጁ ነውና። ዶታ ለሚጫወት ወይም ብዙ ትእዛዝ በአውራ ጣቱ መስጠት ለሚፈልግ ደግሞ ከበድ ያለው ባለ ብዙ ቁልፍ ያዋጣዋል። ሁለቱንም የሚያረካ ማውስ ፍለጋ አትድከሙ።

ሱቅ ውስጥ ማውሱን ቢያንስ አምስት ደቂቃ ያዙት። ትንሿ ጣታችሁ ጠረጴዛው ላይ እየተጎተተች ከሆነ ወይም የጎን ቁልፎቹን ለመንካት እጃችሁን ማንሸራተት ካስፈለጋችሁ፣ ያ ማውስ የእናንተ አይደለም። «ትለምደዋለህ» የሚለውን የሻጭ ቃል አትስሙ። ለአምስት ደቂቃ ያልተመቸ ነገር ሌሊቱን ሙሉ አንጓ ያሳምማል።

ልጄ የጌም ማውስ ግዢልኝ እያለ ነዘነዘኝ። ቤት ያለው ማውስ ምን ጎደለው?

እናታችን፣ መጀመሪያ ምን እንደሚጫወት ይጠይቁት። ኳስ ከሆነ የሚጫወተው ማውስ አያስፈልገውም፤ እሱ በጆይስቲክ ነው የሚያምረው። ስልክ ላይ ከሆነም እንደዚሁ። ካውንተር ስትራይክ፣ ዶታ ወይም እነሱን የመሰለ የኮምፒውተር ጌም ከሆነ ግን ልጅዎ እውነቱን ነው። ተራ የቢሮ ማውስ ለፈጣን እንቅስቃሴ አልተሠራም።

ለጀማሪ ልጅ በጂ102 ደረጃ ያለ፣ ባለ ገመድ ማውስ በቂ ነው። 1000 ኸርዝ አለው (ትርጉሙ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ላይ አለ)፣ ዲፒአዩ እስከ 8000 ይደርሳል፣ ክብደቱም መካከለኛ ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣውን ብር ለሌላ ነገር ያውሉት። ማውሱ ደግሞ ለጌም ብቻ አይደለም። ነገ ልጁ ፎቶሾፕ ወይም አውቶካድ ቢማር በዚያው ማውስ እጁን ያፍታታል።

1000 ኸርዝ፣ 8000 ኸርዝ የሚባለውስ?

ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ያለበትን ቦታ ለኮምፒውተሩ እንደሚናገር ነው። 125 ኸርዝ ማለት በየ8 ሚሊ ሰከንዱ፣ 1000 ኸርዝ ማለት በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ነው። ከ125 ወደ 1000 ሲኬድ እጅ ላይ ይታወቃል። ከ1000 ወደ 8000 ያለው ልዩነት ግን ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው። እሱንም ለማየት ፈጣን ስክሪንና ጠንካራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ 8000 ማድረግ ጌሙን ራሱን ሊያንተፋትፈው ይችላል። 1000 ይበቃችኋል።

ማውስ ብቀይር ላጉ ይቀንስልኛል?

አይቀንስም። ላግ የምትሉት አብዛኛውን ጊዜ ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ጌሙ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ የኢንተርኔቱና የርቀቱ ጉዳይ ነው። ቫሎራንት ለምሳሌ ሰርቨሮቹ ያሉት ከአገር ውጭ ነው። ፒንጋችሁ 150 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ፣ በማውስ የምታተርፉት 7 ሚሊ ሰከንድ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ብሩን ለኢንተርኔት ፓኬጅ ብታውሉት ይሻላል።

ባለ ገመድ ወይስ ዋየርለስ?

የዛሬ ጥሩ ዋየርለስ በፍጥነት ከገመድ አያንስም። ይህ የሚሆነው ግን በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዶንግል፣ ማለትም ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ በምትሰካ ትንሽ መቀበያ ሲሠራ ነው። በብሉቱዝ ብቻ የሚሠራውን ለጌም አትግዙት፤ ይዘገያል።

እኛ ሰፈር ዋናው ጥያቄ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ላፕቶፓችሁ በባትሪ እየሠራ ማውሳችሁ ቻርጅ ቢጨርስ፣ ከላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ ያችኑ ባትሪ ልታካፍሉት ነው። በዚህ ምክንያት እኔ በድንጋይ የሚሠራውን አደንቃለሁ። የሎጂቴክ ጂ304 አንዲት ዳብል ኤ ድንጋይ ነው የሚጎርሰው፤ አምራቹ እስከ 250 ሰዓት ይሠራል ይላል። ድንጋዩ ሲያልቅ ታች ካለው ሱቅ ገዝቶ መመለስ ነው። ደካማ ጎኑ ድንጋዩ ክብደት መጨመሩ ነው፤ ወደ 99 ግራም ይደርሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዶንግሉን ዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ላይ፣ በተለይ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ እየሠራ ካለበት አጠገብ ስትሰኩት ማውሱ ሊቆራረጥ ይችላል። ዩኤስቢ 3.0 የሚያወጣው ረብሻ 2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ስለሚያርፍ ነው። በማራዘሚያ ገመድ ዶንግሉን ወደ ማውሱ አቅርቡት። ስንት ሰው «ማውሱ ተበላሸ» ብሎ ይዞ የመጣው በዚህች ገመድ ድኗል።

ባለ ገመዱን ከመረጣችሁ ገመዱን እዩት። ጠንካራ ጎማ ከሆነ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ማውሱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚተጣጠፈው በጣም ይሻላል።

አንድ ጊዜ ስጫን ሁለት ጊዜ የሚጫን ማውስ ምን ነክቶት ነው?

የጌም ማውስ ትልቁ በሽታ ይሄ ነው። ከቁልፉ ሥር ትንሽዬ ስዊች አለች። ውስጧ ቀጭን የብረት ምላስ አለ፤ ስትጫኑት ወርዶ ሌላ ብረት ይነካል። ምላሱ ሲደክም ወይም የሚነካካበት ቦታ ሲቆሽሽ ግንኙነቱ ይንቀጠቀጣል። ኮምፒውተሩ አንዱን መጫን እንደ ሁለት ይቆጥረዋል። ካርቶኑ ላይ 20 ሚሊዮን፣ 50 ሚሊዮን ክሊክ ይላል። ያ ቁጥር የተለካው በላቦራቶሪ እንጂ አቧራማ ክፍል ውስጥ አይደለም።

አዲስም ሆነ ያገለገለ ስትገዙ እንዲህ ፈትሹ። አንድ ፋይል በግራ ቁልፍ ያዙና ስክሪኑ ላይ ረጅም መንገድ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። መሃል ላይ ከወደቀባችሁ ስዊቹ ታሟል። ፎልደር ላይ አንዴ ብቻ ስትጫኑ ከተከፈተም ያው ነው። መሃል ያለውን ጎማ ደግሞ ወደ ታች ብቻ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። ገጹ አንዳንዴ ወደ ላይ ከተመለሰ ጎማው ቆሽሿል ወይም አልቋል።

መፍትሔ አለው። አንዳንድ ማውሶች ሶፍትዌራቸው ላይ ሁለት ክሊክ ለመቁጠር የሚጠብቁትን ጊዜ መጨመር ይቻላል፤ ለጊዜው ያስታግሳል። ዘላቂው ግን ስዊቹን መቀየር ነው። ሦስት እግር ብቻ ያላት ናት። ብየዳ የሚችል ማንኛውም የስልክ ወይም የላፕቶፕ ጠጋኝ በጥቂት ደቂቃ ይቀይራታል። አዲስ ስዊች ከጠፋ ተመሳሳይ መጠን ያላትን ከሞተ ማውስ ማውጣት ይቻላል። ጠጋኙን አንድ ነገር አስጠንቅቁት፦ ቡሎኖቹ ብዙ ጊዜ የሚደበቁት ከታች ካሉት ለስላሳ እግሮች ሥር ነው። እግሮቹን በጥንቃቄ ካላነሳቸው ይጨማደዱና ማውሱ ጠረጴዛ ላይ መቧጠጥ ይጀምራል።

በብርሃን የሚሠሩ ስዊቾችም አሉ። ስትጫኑ የብርሃን ጨረር ይቆረጣል ወይም ያልፋል፤ ብረት ከብረት ስለማይነካካ ይህ በሽታ አይዛቸውም። የአጫጫን ስሜታቸው ለየት ስለሚል ሞክራችሁ ግዙ።

ሰፈራችን አቧራ ነው። የተለየ ማውስ አለ?

ፒስታ መንገድና ግንባታ ባለበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ጀርባው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን ማውስ አትግዙ። ለክብደት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን አቧራው በቀጥታ ሰርኪዩቱ ላይ ያርፋል። ሙሉ ሽፋን ኖሮትም ቀላል የሆነ ማውስ አሁን ይገኛል።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ንቀሉት ወይም አጥፉት። የጥርስ ብሩሽ በደረቁ ጎማውና ቁልፎቹ ዳር ላይ አስሂዱ። የሴንሰሩን ቀዳዳ በደረቅ ጥጥ በቀስታ ጥረጉ። ላብና ዘይት የያዘውን ጎን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በረጠበ ጨርቅ ማጽዳት ነው። አልኮሉን በቀጥታ አታፍስሱበት።

የሚያበራ መብራቱስ?

ያምራል። ጨዋታው ላይ ምንም አይጨምርም፤ ዋየርለስ ላይ ደግሞ ባትሪ ይበላል።

ማውስ ፓድ ግድ ነው?

ጠረጴዛችሁ መስታወት ከሆነ ግድ ነው። አብዛኛው ሴንሰር የሚሠራው ከሥሩ ያለውን ገጽ በሰከንድ ሺዎች ጊዜ ፎቶ እያነሳ በማወዳደር ነው። መስታወትና የሚያብለጨልጭ ፎርማይካ ላይ የሚያወዳድረው ነገር ያጣል። ሰፋ ያለ የጨርቅ ፓድ ግዙ። ብር ካጠረ ለጊዜው ለስላሳና የማያብረቀርቅ ካርቶን ይሠራል። ውድ ማውስ ገዝቶ ባዶ መስታወት ላይ መንዳት ግን ያሳዝናል።

ግራኝ ነኝ። ምን ልግዛ?

ገበያው አያዳላላችሁም፤ አብዛኛው የጌም ማውስ ለቀኝ እጅ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነውን ፈልጉ። ጂ102፣ ጂ304 እና ቫይፐር ሚኒ ቅርጻቸው እኩል ነው። የጎን ቁልፎቻቸው ግን በግራ በኩል ብቻ ስለሆኑ አውራ ጣታችሁ አያገኛቸውም። የጎን ቁልፍ የግድ ካስፈለጋችሁ በሁለቱም በኩል ቁልፍ ያለው ሞዴል እስኪገኝ መጠበቅ ያዋጣል።

ኦርጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በካርቶኑ አትፍረዱ፤ ካርቶን መቅዳት ቀላል ነው። ማውሱን ዊንዶውስ ላይ ሰክታችሁ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ግቡ። የማውሱን ዝርዝር ክፈቱና የሃርድዌር መለያውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ላይ የአምራቹ ቁጥር አለ። የሎጂቴክ 046ዲ ነው፤ ዲ የምትለዋ የእንግሊዝኛዋ ፊደል ናት። የሬዘር 1532 ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ፎርጅድ ነው፣ ክርክር የለውም። ትክክለኛው ቁጥር ከመጣም ፎርጅድ ሠሪ ሊኮርጀው ስለሚችል፣ የአምራቹን ሶፍትዌር ቤት አውርዳችሁ በላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ሶፍትዌሩ ማውሱን በስሙ ካወቀውና መብራቱን፣ ዲፒአዩን መቀየር ከቻላችሁ ልባችሁን ጣሉበት።

ከቴሌግራም ያገለገለ ብገዛስ?

ግዙ፣ ግን ፊት ለፊት ተገናኝታችሁና ላፕቶፕ ይዛችሁ። ገልብጣችሁ የታችኛውን እግሮች እዩ፤ እስከ ፕላስቲኩ ካለቁ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው። ፋይል መጎተቱን፣ ጎማውንና የፔይንቱን ሙከራ አድርጉ። ገመዱን ማውሱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ እያጠፋችሁ አንቀሳቅሱት፤ ማውሱ ከጠፋና ከተመለሰ ገመዱ ውስጡ ተቆርጧል። ያ በራሱ የሚጠገን ነገር ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት። ዋየርለስ ከሆነ ዶንግሉ አብሮ መኖሩን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። ዶንግሉ የጠፋበት ማውስ ምትክ ማግኘት እዚህ አገር አስቸጋሪ ነው።